አባታችሁ ጮኾ አያውቅም



እኛ ሁለት ወንድማማቾች ነን፤ ሁለታችንም የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች። ያደግነው ሀና ማርያም ነው። ጠዋት በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ በሰፈራችን መድረሳ ተምረናል። ዛሬ የምናጫውታችሁ በአንድ ካሴት ምክንያት ስላፈርንበትና ስለተማርንበት ነገር ነው።

አባታችን፣ አላህ ይዘንለትና፣ የወሎ ሰው ነበር። መንዙማ ይወድ ነበር፤ የሼህ መሐመድ አወል ካሴቶች ከቤታችን ጠፍተው አያውቁም። ጎረቤት ለመውሊድ ሲሰባሰብ እሱም በዝግታ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበለዋል። ከእነዚያ ቀናት በአንዱ የተቀዳ የ60 ደቂቃ ካሴት ቀርቶልናል። የእሱ ድምፅ ያለበት ሌላ ነገር የለንም።

ካሴት ደግሞ ያረጃል። ድምፁ ያለው በስስ ፕላስቲክ ላይ በተለበጠ ማግኔታዊ ዱቄት ውስጥ ነው፤ በተጫወተ ቁጥር በትንሹ ይፋቃል፣ የቴፑ ጎማ ከያዘውም ይቆረጣል። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ወደ ላፕቶፕ ገለበጥነው። ከዚያም ገንዘብ አጠራቅመን ከመርካቶ አንድ ትንሽ ዳክ ገዛን። ዳክ ማለት ዲጂታል ቁጥርን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመልስ መሣሪያ ነው። በሲዲ ደረጃ የተቀዳ ድምፅ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልክ ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ላይ ያርፋል። ዳኩ እነዚህን ነጥቦች አገጣጥሞ እንደገና ለስላሳ ሞገድ ያደርጋቸዋል።

ዳኩን ከአባታችን አሮጌ አምፕሊፋየር ጋር አገናኝተን እናታችንን ሳሎን አስቀመጥናት። ድምፁ ወጣ፤ ስል ነበር፣ ጆሮ ይወጋል። «ሰ» እና «ሽ» እንደ ቆርቆሮ ይፋጫሉ፣ ጭብጨባው ይሰነጠቃል። እናታችን ሁለት ደቂቃ እንኳ አልታገሰችም።

«አጥፉት ልጆቼ። አባታችሁ ጮኾ አያውቅም» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

እኛም ጥፋቱን ወዲያው በዳኩ ላይ ጣልን። ርካሽ ዕቃ ነው፣ አታለሉን አልን። በነጋታው ልንመልሰው ስንነሳ ግን አንድ ነገር ትዝ አለን። መድረሳ ሳለን ኡስታዛችን ሐዲስ በምን እንደሚመዘን ሲያስረዱን፣ የመጨረሻውን ተናጋሪ ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፣ ሰነዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሉ ይሉን ነበር። የእኛም ድምፅ ሰነድ አለው፤ ከካሴት ወደ ቴፕ፣ ከቴፕ ወደ ላፕቶፕ፣ ከላፕቶፕ ወደ ዳክ፣ ከዳክ ወደ አምፕሊፋየር፣ ከዚያ ወደ ስፒከርና ወደ ክፍሉ። እኛ መርምረን የፈረድነው በአንዱ ላይ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ በደንብ የተቀዳ የቁርኣን ቂርኣት በዚያው ዳክ አጫወትን። እሱም ትንሽ ሻካራ ነበር፤ የአባታችንን ያህል ግን አልነበረም። ስለዚህ ችግሩ ከአንድ በላይ ነው ማለት ነው።

አንዱን በመልቲሜትር አገኘነው። ዳኩ ሙሉ ድምፅ ላይ ወደ 2 ቮልት ያወጣል። አሮጌው አምፕሊፋየር ግን የተሠራው የግማሽ ቮልት ያህል ለሚሰጥ ቴፕ ነው። አራት እጥፍ ሲገባበት መግቢያው ላይ ይጨናነቃል። ድምፅ መቀነሻውን ብናዞረውም የተበላሸው ከእሱ በፊት ስለሆነ አይጠቅምም። ለእያንዳንዱ ቻናል ሁለት ሬዚስተር፣ አንዱ 10 ኪሎ ኦም ሌላው 3.3 ኪሎ ኦም፣ በመከፋፈያ መልክ በየዳን። 2 ቮልቱ ወደ ግማሽ ቮልት ወረደ። የሬዚስተሮቹ ዋጋ ከታክሲ ሒሳብ አይበልጥም።

ሁለተኛው ክፍሉ ነበር። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ እየነጠረ ይመለሳል። ምንጣፍ አነጠፍን፣ ወፍራም መጋረጃ ሰቀልን፣ በቀጥታ ወደ ፊታችን ያነጣጠሩትን ስፒከሮች ትንሽ ወደ ጎን አዞርናቸው። ቂርኣቱ አሁን ንጹሕ ሆነ፤ ጆሮም አረፈ።

የአባታችን ድምፅ ግን አሁንም ይጮኻል።

የቀረው የእኛ እጅ ብቻ ነበር። ፋይሉን በኮምፒውተር አስፍተን ስናየው የሞገዱ ጫፎች በመቀስ እንደተቆረጡ ጠፍጣፋ ሆነዋል። ያኔ ቴፑን ከላፕቶፑ ማይክሮፎን ቀዳዳ ጋር አገናኝተነው ነበር። ያ ቀዳዳ በሚሊቮልት ለሚለካ ደካማ ድምፅ የተሠራ ነው። እኛ ደግሞ ከፍ ሲል ጥሩ ይሆናል ብለን ቀዩ መብራት እየበራ ቀዳነው። ድቤውና ጭብጨባው ከጣሪያው በላይ ሲወጡ ተቆረጡ፤ ከቁርጡም አባታችን ያላወጣው ሹል ድምፅ ተወለደ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ዳክ፣ ምንም ያህል ውድ ቢሆን፣ የተሰጠውን ነው የሚያስተላልፈው። ዳኩ ታማኝ ነበር፤ ያጓደልነው እኛ ነን።

መፍትሔው እንደገና መቅዳት ነው፤ ይህም ካሴቱን እንደገና ማጫወት ማለት ነው። ቢቆረጥስ? ሦስት ቀን ፈራን። በመጨረሻ የቴፑን ሄድ በአልኮልና በጥጥ ጠረግን፣ ጎማዎቹን በሌላ በማናዝንለት ካሴት ፈተሽን፣ ከጓደኛችን ላይን ኢን ያለው የድምፅ ካርድ ተዋስን። ልኩን ዝቅ አድርገን፣ ከፍተኛው ጭብጨባ እንኳ ከጣሪያው 12 ዴሲቤል እንዲርቅ አደረግን። ቢስሚላህ ብለን ጀመርን። 60 ደቂቃ ሙሉ መብራት እንዳይጠፋ ዱዓ እያደረግን ተቀመጥን። አልሐምዱሊላህ፣ አልጠፋም።

ማታ እናታችንን አልጠራናትም፤ ዝቅ አድርገን ብቻ ከፈትነው። ከጓዳ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ስለ አባታችን ምንም አላለችም። ቆይታ ግን ጣቷን ወደ ስፒከሩ ቀስራ፣ «ከኋላ የምትቀበለዋን ሰማችኋት? እኔ ነኝ፤ አንተን እርጉዝ ነበርኩ» አለችና ታላቃችንን አየችው። በመጀመሪያው ቅጂ ያ ድምፅ በጩኸቱ ተውጦ ነበር።

በቤታችሁ የአያት፣ የእናት፣ የአባት ካሴት ካለ ዘንድሮውኑ ቅዱት። ወደ ማይክሮፎን ቀዳዳ አትሰኩት፤ ቀይ መብራት አታብሩ፤ መጀመሪያ የሚቀመጠውን ቅጂ በዌቭ እንጂ በተጨመቀ ኤምፒስሪ አታድርጉት፤ በሁለት የተለያየ ቦታም አስቀምጡት። ድምፁ ካስቀየማችሁም ገና ስለ ዳክ ሳታስቡ ሰነዱን ከራሳችሁ እጅ ጀምራችሁ መርምሩ።