ብቻውን የመጣ ታብሌት

የዊንዶውስ ታብሌት ላፕቶፕን ይተካል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ወጣት መምህራን እየበዙ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እኔ በማስተምርበት ከሚሴ ውስጥ ሪያድ ወይም ጅዳ ወይም ዱባይ የሚሠራ ዘመድ ያለው ቤት ብዙ ነው፤ ያ ዘመድ አንድ ቀን ደውሎ “ምን ልላክልህ?” ይላል። መልሱ አጭር ነው፤ የሚያስከፍለው ግን የዘመዱን የወራት ድካም ነው። እኔ ሳላስብ መለስኩ፤ የደከመችው ደግሞ እህቴ ነበረች።

ያኔ ላፕቶፕ ነበረኝ። ከሰው እጅ የገዛሁት፣ ማጠፊያው የላላ፣ ባትሪው ከሞተ የቆየ። ሶኬት ላይ ካልተሰካ አይነሳም። እዚህ ደግሞ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም፤ ሴቭ ያላደረግኩት ፈተና ግማሽ ገጽ ላይ ሳለ ስክሪኑ ድርግም ይላል። በኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን የሚያስተምር ሰው የጽሑፍ ሥራው ሁለት ዓይነት ነው። ቀን በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ የሚጻፍ ፈተናና ማስታወሻ አለ፤ ማታ ደግሞ ሰዎች የሚያመጡት የአማርኛ ማመልከቻ፣ ደብዳቤ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ። የወር ደመወዜን የምደጉመው በማታው ሥራ ስለሆነ መብራት በሄደ ቁጥር የሚጠፋው ጽሑፍ ብቻ አልነበረም።

እህቴ ከሪያድ ስትደውል “ላፕቶፕህ አርጅቷል ስትለኝ አልነበር? አንድ ልላክልህ” አለችኝ። ታብሌት ይሁንልኝ አልኳት፤ ዊንዶውስ ያለው፣ ኪቦርዱ እንደ ሽፋን የሚለጠፍ። ትንሽ ዝም ብላ፣ “ላፕቶፕ አይሻልህም ወንድሜ? እዚህ የምሠራበት ቤት ታብሌት የሚይዙት ልጆቹ ናቸው። አባትየው ሥራውን የሚሠራው በላፕቶፕ ነው” አለች። የነገረችኝ በዓይኗ ያየችውን ነው። እኔ ያየሁት የማስታወቂያ ቪዲዮ ነበር፤ ቡና ቤት ተቀምጦ በብዕር የሚጽፍ፣ ቀጥሎ ኪቦርዱን ገጥሞ ሪፖርት የሚሠራ ሰው። “አብሽሪ፣ ይኼኛው ሁለቱንም ነው” አልኳት። በሰው ቤት ከንጋት እስከ ሌሊት ቆማ የምትውል ልጅ ስለ ዕቃው ከእኔ የተሻለ ታዝባ ነበር፤ የተማርኩት እኔ ነኝ ብዬ አልሰማኋትም። ከዚህ ታሪክ ሁሉ አሁንም የሚቆረቁረኝ ይኼ ነው።

ትንሽ ባነብ ኖሮ፣ ይህ ጥያቄ ከእኔ በፊት ትልልቆቹንም እንዳሳሳተ አውቅ ነበር። ቢል ጌትስ እ.ኤ.አ. በ2001 የታብሌት ኮምፒውተር በአምስት ዓመት ውስጥ በአሜሪካ ከሁሉም በላይ የሚሸጥ የኮምፒውተር ዓይነት ይሆናል ብሎ ተንብዮ ነበር፤ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2012 ማይክሮሶፍት ሰርፌስ አርቲ የተባለውን ታብሌት ሲያወጣ፣ መልኩ ዊንዶውስ ሆኖ ሰዎች ለዓመታት የለመዷቸውን የዊንዶውስ ፕሮግራሞች የማያስነሳ ሆነ፤ በዓመቱ ኩባንያው ከዚሁ ዕቃ ጋር የተያያዘ የ900 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ መዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሰርፌስ ፕሮ 3 ነው እንግዲህ ላፕቶፕን ይተካል ተብሎ በግልጽ የተነገረለት። እሱ የለመዱትን ፕሮግራሞች በእርግጥ ያስነሳል። “ዊንዶውስ አለው” የሚለው ቃል ታዲያ ብቻውን ምንም ዋስትና አይሰጥም፤ የትኛው ዊንዶውስ፣ በምን ዓይነት ዕቃ ላይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። እኔ የጠየቅኩት ክብደቱንና ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ነው።

አሮጌውን ላፕቶፕ ታብሌቱ ከመድረሱ በፊት ሸጥኩት። በገንዘቡ ማውስና፣ አንዱን ቀዳዳ ወደ ብዙ የሚያከፋፍለውን ሃብ የሚሉትን ዕቃ አስገዛሁ። ታብሌቱ ከሚሴ የገባው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ነው፤ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ተቋርጦ ባለበት ወቅት። ከፍቼው ከፍላሽ ላይ የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዝን ልጭን ስል እምቢ አለ። የማተሚያውንም ድራይቨር እምቢ አለ። ዕቃው የመጣው “ኤስ ሞድ” በሚሉት ሁኔታ ላይ ነበር፤ ይህ ሁኔታ ከዊንዶውስ የራሱ መደብር ያልወረደ ፕሮግራም አያስጭንም። የተደረገው ለደኅንነት ነው፤ ለሕፃን ልጅ የሚገዛ ቢሆን እኔም እደግፈዋለሁ። ከሁኔታው መውጣት ይቻላል፣ ክፍያም የለውም። ለመውጣት ግን ወደዚያው መደብር በኢንተርኔት መግባት ግድ ነው። እኔ ጋ ደግሞ ኢንተርኔት የለም።

ሰዎች የሚያመጡልኝ የቆየ የአማርኛ ጽሑፍ አብዛኛው በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ነው፤ ፕሮግራሙ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ፊደሉ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ስለዚህ ሥራ መመለስ ጀመርኩ። መንገዱ ሲረጋጋ አንድ ባልደረባዬ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ይዞልኝ ሄደ፤ እዚያ ኢንተርኔት አገናኝቶ ፈታው። እስከዚያ ድረስ የማታ ሥራዬን የምሠራው የሸጥኩትን ላፕቶፕ ከገዛው ልጅ እየተዋስኩ ነበር። ልጁ ጨዋ ነው፤ አንድም ቀን ፊቱን አላጠቆረብኝም።

ከተፈታ በኋላ የሰጠኝን ጥቅም ደግሞ ሳልናገር ማለፍ ግፍ ነው። መብራት ሲሄድ መሥራት ቻልኩ፤ በስልክ ፓወር ባንክ ጭምር ትንሽ ይሞላል። የመመረቂያ ጽሑፎችን በፒዲኤፍ እያነበብኩ በብዕሩ ዳር ዳሩ ላይ አስተያየት እጽፋለሁ፤ ለሳይንስ ትምህርት ሥዕል በእጄ እሥላለሁ። ወደ ባቲ ስሄድ ያው በኮምቦልቻ ዞሬ ነው የምሄደው፤ ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቄ ተቀምጬም አነብበታለሁ። ያንን አሮጌ ላፕቶፕ እዚያ መክፈት የማይታሰብ ነበር። ለማንበብ፣ ለማረም፣ ቅጽ ለመሙላት እንዲህ ያለ ዕቃ አላየሁም። ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 180 ሺህ ያህል ታብሌት የተገዛው ያለ ነገር አይደለም፤ ቆጠራው በ2011 ዓ.ም. ቢራዘምም ቤት ለቤት እየዞሩ መልስ ለመመዝገብ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አይገኝም።

ችግሩ የሚመጣው ገጽ ሙሉ መጻፍ ሲጀመር ነው። ከኋላ በሚወጣው መደገፊያ የሚቆመው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ጉልበት ላይ ወይም ፍራሽ ላይ ይንገዳገዳል፣ ማታ ደግሞ እኔ ቤት ጠረጴዛው የልጆቹ ነው። ኪቦርዱን ነቅዬ በስክሪኑ ላይ ልጻፍ ስል የሚወጣው ኪቦርድ የገጹን ግማሽ ይሸፍናል። ይባስ ብሎ የምጽፈውን በእንግሊዝኛ እያረመ፣ የአፋን ኦሮሞ ቃላትን እንደ ተሳሳተ እንግሊዝኛ ቆጥሮ ይለውጣቸዋል። አንድ ፈተና ሳላስተውል እንዲሁ ታትሞ ክፍል ገባ፤ ተማሪዎቹ እጃቸውን አንስተው “መምህር፣ ይኼ ምን ማለት ነው?” ሲሉኝ ያፈርኩትን ማፈር አልረሳውም። እርማቱን ማጥፋት እንደሚቻል የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ትምህርት ቤት ያለው ፕሮጀክተር ሰማያዊ መሰኪያ ያለው የድሮ ቪጂኤ ነው፣ ታብሌቱ ያለው አንድ ዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ። ሃቡን ካልያዝኩ ፍላሽ የለም፣ ማተሚያ የለም፣ ፕሮጀክተር የለም። ከሚሴ ሲሞቅ ደግሞ ይሞቃል፤ ማራገቢያ የሌለው ዕቃ ሙቀት ሲበዛበት ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳልና ከሰዓት በኋላ ከእሱ ጋር መሥራት ትዕግሥት ይጠይቃል።

ይህንን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የተበላሸበትን ቀን ነው።

ቻርጀር ላይ እንዳለ እግሬ ገመዱን ጠለፈውና ወደቀ። ስክሪኑ ደህና ነው፣ ምንም አልተሰነጠቀም፤ አልሐምዱሊላህ ብዬ አነሳሁት። ገመዱን ስመልስ ግን አይሞላም። ያቺ አንዲት ቀዳዳ ተጎድታለች። በላፕቶፕ ቢሆን መሙያው ሌላ፣ ፍላሹ ሌላ፣ ፕሮጀክተሩ ሌላ ቀዳዳ አለው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀራል። የእኔ ታብሌት ግን ምግቡም ንግግሩም በአንድ አፍ ነው። ባትሪው ላይ የቀረችው ኃይል እያለቀች ሳለ ፋይሎቼን የማወጣበት መንገድ አልነበረኝም፤ ኢንተርኔት ላይ እንዳልሰቅል ኢንተርኔት የለም።

ወደምናውቀው ጥገና ቤት ሮጥኩ። ባለሙያው ያንን አሮጌ ላፕቶፔን ደጋግሞ ያዳነ ልጅ ነው። የቻርጀር ጃኩ ሲሰበር ከሞተ ላፕቶፕ ላይ ነቅሎ በዚያው ቀን ተክቶልኝ ያውቃል። ታብሌቱን ገልብጦ ገልብጦ አየና፣ “መምህር፣ ይኼ ብሎን የለውም። ስክሪኑ በማጣበቂያ ነው የተያያዘው። በሙቀት ልላቅቀው ብል ስክሪኑ ቢሰበርብዎት ሌላ ከየት አመጣለሁ?” አለኝ። ሃርድ ዲስኩን አውጥተህ ሌላ ላይ ሰክተህ ፋይሉን ብቻ አትርፍልኝ አልኩት። “ሃርድ ዲስክ የሚባል የለውም፤ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው” አለ። ኮምቦልቻም ደሴም የሰማሁት ይኸንኑ ነው። ሁሉም ዓይነት ታብሌት እንዲህ አይደለም፤ ማከማቻው ከጀርባ በብሎን ተፈትቶ የሚወጣ የዊንዶውስ ታብሌትም አለ። የእኔ ግን አልነበረም፤ ሳስገዛም ይህ የሚጠየቅ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

ውስጡ ከቀረው ሁሉ የሚያንገበግበኝ ከጨፋ ሽማግሌዎች አፍ የሰበሰብኩት ተረትና ምሳሌያዊ አነጋገር ነው። ለተማሪዎቼ ትንሽ የንባብ መጽሐፍ ላደርገው በአፋን ኦሮሞ እየጻፍኩት ነበር። ፍላሽ ላይ አልገለበጥኩትም፤ ሃብ አውጥቶ ፍላሽ መሰካት ስለሚሰለቸኝ ነገ ነገ እያልኩ አሳደርኩት።

ለእህቴ አልነገርኳትም። በደወለች ቁጥር “ደህና ነው፣ እየሠራሁበት ነው” እላት ነበር። ዋሸኋት። አንድ ቀን “እስቲ በእሱ ደውልልኝ፣ ላየው” ስትለኝ የምለው አጣሁና እውነቱን ነገርኳት። አልተቆጣችም። “ለምን ያኔውኑ አልነገርከኝም? ዕቃው ነው እንጂ እኔ መቼ ተበላሸሁ?” አለችኝ። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩን እያብሰለሰልኩ አንድ ነገር ገባኝ። አሮጌው ላፕቶፔ የእኔ ብቻ አልነበረም። እንደ ባጃጅ ነበር፤ ከተማው ውስጥ ብዙ ሰው ስለሚነዳው የትም ቢቆም ውስጡን የሚያውቅ ይገኛል። ቻርጀሩ ቢረሳኝ የጎረቤት መምህር ቻርጀር ይገጥመዋል። ኪቦርዱ ቢሞት ከሌላ ይነቀልለታል። ዊንዶውሱ ቢበላሽ ጥገና ቤቱ ፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ ያስቀመጠው አለ። ታብሌቱ ከላፕቶፕ ጋር የሚወዳደረው በፍጥነትና በክብደት ይመስለኝ ነበር፤ የተወዳደረው ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች ጋር ነው። እሱ ከሚሴ የገባው ብቻውን ነበር። አዲስ አበባ ወይም ሪያድ ቢሆን ምናልባት ሌላ ነገር እጽፍ ነበር።

አሁን ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቻለሁ። ከመግዛቴ በፊት ሞዴሉን ጽፌ ለጥገና ቤቱ ልጅ አሳየሁት፤ ባትሪውም ማከማቻውም በብሎን የሚፈታ መሆኑን እሱ አረጋገጠልኝ። ዊንዶውስ 11ን የሚቀበል ይሁን ያለኝም እሱ ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አብቅቷልና። ወደ ጨፋም ተመልሼ ሽማግሌዎቹን እንደገና እያስቸገርኩ ነው። በሁለተኛው ጊዜ የሚገኘው ከመጀመሪያው ይለያል፤ አንዳንዱን ተረት ረስተውታል፣ አንዳንዱን አስረዝመው ይነግሩኛል። ማታ ማታ የጻፍኩትን በሁለት ፍላሽ እገለብጣለሁ፣ አንዱ ትምህርት ቤት ያድራል።

በቅርቡ አንድ አዲስ የተመደበ መምህር ያንኑ ጥያቄ ይዞ መጣ፤ አጎቱ ከጅዳ ሊልክለት ነው። ሥራህ ምንድን ነው አልኩት። ሒሳብ አስተምራለሁ፣ ብዙም አልጽፍም፣ ቀመርና ሥዕል በእጄ መሥራት እፈልጋለሁ አለኝ። ቤትህ ላፕቶፕ አለ? አለ፣ የወንድሜ ነው። እንግዲያው ታብሌቱ ለአንተ ሊሆን ይችላል አልኩት፤ ግን አጎትህ ከመክፈሉ በፊት የሞዴሉን ስም ይላክልህና ጥገና ቤት አብረን እንሂድ። ስሙ ትናንት መጥቷል፤ ነገ ከክፍል ስንወጣ እንሄዳለን።