«ሌላ የሚወስደው መድኃኒት የለም»



ይህን የምንጽፈው ባለታሪኩ ወንድማችን አንብቦት፣ ሁለት ቦታ ላይ አርሞን፣ «ይውጣ» ካለን በኋላ ነው። ስሜን ተዉት ብሏል። እኛ በአንድ ዶርም የምንኖር የሜካኒካል ተማሪዎች ነን፤ አብዛኞቻችን ግማሽ ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ግማሽ ቀን መድረሳ እየተመላለስን ያደግን።

ነገሩ የጀመረው ከጨጓራ ነው። ወንድማችን ካፌ በልቶ በወጣ ቁጥር ሆዱን ይዞ ይጎብጥ ነበር። ክሊኒክ ሄዶ በሰገራ ምርመራ ኤች ፓይሎሪ ተገኘበት። የጨጓራ ባክቴሪያ የታከማችሁ እንደምታውቁት መድኃኒቱ ሦስት ዓይነት ነው፤ አሞክሳሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲን እና ኦሜፕራዞል፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ14 ቀን። ያን ቀን ሁለታችን አብረነው ገብተን ነበር። ባለሙያው ከመጻፉ በፊት ቀና ብሎ «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» አለው። ወንድማችን ዝም አለ። የመለስነው እኛ ነን፤ «የለም፣ ሌላ የሚወስደው መድኃኒት የለም»። እሱም ራሱን ነቀነቀ።

በአራተኛው ቀን ለሱብሒ አልተነሳም። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነበር፤ ብሎኩን በሙሉ እየዞረ የሚቀሰቅሰው እሱ ነውና። በአምስተኛውም ቀን እንዲሁ። ብናወዛውዘው ዓይኑን ይገልጥና መልሶ ይጨፍናል። የተኛ ሰው እስኪነቃ ድረስ ብዕር እንደተነሳለት ልጅ ሆነን የሸመደድነው ነው፤ ያን ጠዋት ግን አንዳችንም ትዝ አላለንም። ይልቁንም ከመካከላችን አንዱ «አኺ፣ የታመመው ሆድህ ነው ወይስ ኢማንህ?» አለው። ሌሎቻችን ሳቅን።

ከዚያ ንግግሩ መጎተት ጀመረ። ምላሱ የከበደ ይመስላል። የጠየቅነውን ረስቶ መልሶ ይጠይቀናል፣ ደረጃ ሲወርድ ግድግዳ ይደገፋል። በሳምንቱ ወርክሾፕ ገባን። ቶርኖው ላይ ተራው ደርሶ ብረቱን አስሮ ማሽኑን አስነሳ፤ ከዚያ ቆሞ አንቀላፋ። እጅጌው ከሚሽከረከረው ቻክ አንድ ጣት የሚያህል ሲቀረው ቴክኒሻኑ ሮጦ ቀዩን ቁልፍ መታው። ማሽኑ እንደቆመ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጠጥተህ ነው የመጣኸው?» የሚል ነበር። ሁሉም ሰው እየሰማ። ወንድማችን ምንም አልመለሰም። አረማመዱን ላየ ሰው ጥያቄው አይፈረድበትም፤ ለእሱ ግን ከቶርኖው የባሰው ይህ እንደነበር በኋላ ነግሮናል።

ያን ምሽት ሩቅያ እናድርግለት ተባለ። አደረግንለት። ቁርኣን ሺፋ መሆኑ ላይ ጥርጥር የለንም፣ ዛሬም እንቀራለታለን። ግን እየቀራን ሳለን እንቅልፍ ወሰደው፤ እኛም እርስ በርስ ተያየን። ሦስት ሰዓት አካባቢ ነቅቶ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ከጫማው ውስጥ አንድ ቅጠል ኪኒን አውጥቶ መሀላችን አስቀመጠና «ይሄ ይሆን እንዴ?» አለን። ዳያዜፓም ነው፣ 5 ሚሊግራም።

አንቲባዮቲኩን ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ሌሊት ልቡ እየመታ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ሊሞት የደረሰ ሲመስለው፣ ብቻውን ሆስፒታል ሄዶ የሥነ አእምሮ ሐኪም አይቶት ኖሯል። ሐኪሙ ለአጭር ጊዜ ብሎ ማታ ማታ አንድ ፍሬ አዞለታል። «ለምን አልነገርከንም?» አልነው። አንደኛ ዓመት ሳለን፣ አንድ ልጅ በጭንቀት ትምህርቱን አቋርጦ ሲሄድ፣ ዶርም ውስጥ ምን ብለን እንደነበር አንድ በአንድ አስታወሰን። ጭንቀት ዚክር ያጣ ልብ ነው ብለን ነበር። ማን እንዳለው ጭምር ያስታውሳል። የተናገረው ልጅ ይህን ጽሑፍ ከምንጽፈው አንዱ ነው።

ከሌላ ብሎክ አምስተኛ ዓመት ፋርማሲ የሚማር ወንድማችንን ጠራነው። በነጠላ ጫማ ሮጦ መጣ፣ ሁለቱንም መድኃኒት አየ፣ ትንፋሹን ቆጠረ፣ «ተነሱ፣ ድንገተኛ ክፍል» አለን። ከመካከላችን አንዱ ዳያዜፓሙን ሽንት ቤት ሊጥለው አንስቶ ነበር። ከእጁ ነጠቀው። ለሳምንታት የተወሰደ ዳያዜፓም በአንድ ጊዜ ሲቆም ጭንቀቱ ተባብሶ ሊመለስ፣ ከዚያም አልፎ ሰውነትን ሊያንቀጠቅጥና ሊጥል ይችላል፤ የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው አለን።

ሌሊቱን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቁጭ ብለን ስናድር ያስረዳን እንዲህ ነበር። የዶርማችን ጀርባ ያለውን ሮቶ አስቡት። ከላይ የሚገባው ውኃና ከታች የሚወጣው እኩል ከሆነ ከፍታው አይለወጥም፤ ይህን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ዳያዜፓም ከሰውነት እንዲወጣ ጉበት ውስጥ የሚሰባብሩት ኢንዛይሞች አሉ። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፤ ሲዋይፒ-3ኤ4 እና ሲዋይፒ-2ሲ19 ይባላሉ። ክላሪትሮማይሲን የመጀመሪያውን ይዘጋል። የሚዘጋውም ጠብቆ ተጣብቆ ስለሆነ አንቲባዮቲኩ ካለቀ በኋላ እንኳ ጉበት አዲስ ኢንዛይም እስኪሠራ ቀናት ይወስዳል። ሁለተኛውን ደግሞ ለጨጓራ የሚሰጠው ኦሜፕራዞል ያጠበዋል። ስለዚህ ወንድማችን በየማታው የሚውጠው ያው 5 ሚሊግራም ነው፣ አንድም ፍሬ አልጨመረም፤ የሮቶው ሁለት መውጫ ግን ጠቧል። ዳያዜፓም ድሮም ቀስ ብሎ የሚወጣ መድኃኒት ነው፤ ግማሹ እንኳ ለመውጣት ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል፣ ሲሰባበር የሚወጣው ነገርም ራሱ ያስተኛል። በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን በአራተኛው የታየው ለዚህ ነው።

እኛ ጥያቄ አበዛንበት። አንቲባዮቲክ ሁሉ እንዲህ ነው? አይደለም። ኤሪትሮማይሲን ይዘጋል፣ የእነሱ ዘመድ የሆነው አዚትሮማይሲን ግን ይህን ኢንዛይም እምብዛም አይነካም። አልፕራዞላም እና ሚዳዞላም በ3ኤ4 ላይ የበለጠ ስለሚመኩ ከክላሪትሮማይሲን ጋር ከዳያዜፓምም ይብሳሉ። ሎራዜፓም በሌላ መንገድ ስለሚወጣ ከዚህ ያመልጣል። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል፤ መውጫውን ያሰፋዋል፣ በሽተኛው መድኃኒቱን እየዋጠ ያልዋጠ ያህል ይሆናል። ለጭንቀት የሚታዘዙት ሲታሎፕራም እና ኤሲታሎፕራም ከክላሪትሮማይሲን ጋር ሲሆኑ የሚያሰጉት በእንቅልፍ ሳይሆን በልብ ምት ነው። ይህን ሁሉ ሲነግረን ከግቢ በር ፊት ለፊት ያለ ወረቀት የገዛናቸው አንቲባዮቲኮች ትዝ አሉን። እዚያ ደግሞ «ሌላ የምትወስደው አለ?» ብሎ የጠየቀን እንኳ የለም።

ጠዋት ሐኪሙ የዳያዜፓሙን መጠን ቀነሰ፣ በየስንት ቀኑ እንደሚያየው ነገረው፣ አንቲባዮቲኩን ግን 14 ቀኑን ጨርስ አለው፤ ባክቴሪያው በግማሽ ተመትቶ እንዳይለምድ። እስኪነግረው ድረስም ማሽን አጠገብ እንዳይቆም ከለከለው። ሙሉ በሙሉ ለመንቃት ሳምንት ያህል ወሰደበት። አልሐምዱሊላህ። ቴክኒሻኑ ጋ ሄደን ነገሩን አስረዳነው፤ ወንድማችንን ጠርቶ ይቅርታ ጠየቀው። እኛ ይቅርታ ለመጠየቅ ከእሱ የበለጠ ጊዜ ወሰደብን።

በወሩ ለክትትል ሲሄድ አብረነው ሄድን። ተራው ደረሰና ነርሷ ስሙን ጠራች። እንደ ልማዳችን ተከትለነው ልንገባ ተነሳን። በሩ ላይ ዞር ብሎ አየን። ተመልሰን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን፤ እሱም ገብቶ በሩን ዘጋ።