«ፎቶው ላይ ምንም የለም!»

እህቴ ከመካነ ሰላም ተነስታ፣ የጉጉፍቱን ብርድ አቋርጣ አዲስ አበባ የመጣችው የልጇን ጭንቅላት ፎቶ ለማስነሳት ነበር። ልጁ አምስት ዓመቱ ነው። አይናገርም፤ ስሙን ቢጠሩት ዞር አይልም፤ የጀሪካን ክዳን ሲያሽከረክር ይውላል። ወሎ አይደል? ጠበሉም ዱዓውም ተሞክሯል። «የቀረው መሣሪያ ነው» ተባለና ጊደሯ ተሸጠች።

«ወንድምዓለም፣ ፎቶው ጥፋቴን ይነግረኛል» አለችኝ። ጥፋቴ ማለቷ በከንቱ አይደለም። አማቷ «እርጉዝ ሆነሽ በቀትር ወንዝ ወርደሽ ነው» ብለዋታላ!

ኤም አር አይ የሚሉት መሣሪያ እንደ ወፍጮ ይንጓጓል። ልጁ ደግሞ ጩኸት አይችልም፤ አስተኝተው አነሱት። ውጤቱ «ምንም የለም» ሆነ። ባሏ በስልክ ሲሰማ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እንግዲያው አንቺው አሞላቀሽው ነው!» ጊደር ተሸጦ ስድብ ተገዛ።

ነገሩ ከንክኖኝ ማንበብ ጀመርኩ። ለካስ ኦቲዝም እንደ ዕጢ በአንድ ልጅ ፎቶ ላይ ተለይቶ አይታይም! ሐኪም የሚለየው የልጁን ሁኔታ አይቶ፣ እናቱን ጠይቆ ነው። ፎቶው ሌላ በሽታ እንዳለ ለማጣራት ይጠቅም ይሆናል። ተመራማሪዎች ግን የብዙ ሕፃናትን ፎቶ እያነጻጸሩ አንድ ነገር አግኝተዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት፣ ኦቲዝም ያለበት ታላቅ ያላቸውን 106 ሕፃናት ተከታትሏል። በኋላ ኦቲዝም በታየባቸው ላይ፣ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ የአንጎላቸው የላይኛው ገጽ ከሌሎቹ ፈጠን ብሎ ሰፍቶ ነበር።

ስድስት ወር እኮ ነው ጎበዝ! ያኔ ማን ማንን ያሞላቅቃል? (ፈረንጆቹም በ1950ዎቹ «ፍቅር የነፈገች እናት ናት» እያሉ ስንቷን አስለቅሰዋል።) እዚሁ አዲስ አበባ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሷን ይማር፣ የራሷ ልጅ ኦቲዝም ነበረበትና በ2002 እ.ኤ.አ. የጆይ ማዕከልን ከፍታ ስንቱን ልጅ በትምህርት ደግፋለች።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና ወረቀት አቀበለችኝ።

«ጻፍልኝ፤ ለአማቴ አነብላቸዋለሁ።»

«ምኑን ልጻፍልሽ፣ እታለም?»

«ስድስት ወር የምትለዋን። በትልቁ አድርገህ።»