አባቴ ጠጪ አልነበሩም

አባቴ ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርትና ማሾ ሲያለሙ የኖሩ ገበሬ ናቸው። መጠጥ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ሆዳቸው እየተነፋ ሰውነታቸው ሲመነምን ግን ሰፈሩ «ተደብቆ የሚጠጣው አረቄ ጉበቱን ጨረሰው» ማለት ጀመረ። እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አንድ ምሽት «አባ፣ እውነት ነው እንዴ?» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። ዉዱእ አድርገው ለሰላት ቆሙ።

ከወራት በኋላ ሌሊት ደም አስመለሳቸው። እየተንቀጠቀጥን አዲስ አበባ አደረስናቸው። ሐኪሙ ስለ መጠጥ ከጠየቃቸው በኋላ «ልጅ ሆነው ወንዝ ይዋኙ ነበር?» አላቸው።

«ሮቢ ወንዝ ውስጥ ነው ያደግሁት» አሉ።

በሽታው ቢልሃርዝያ ነበር። ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ ከጨጓራ፣ ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመለሰው ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም። በአንድ ትልቅ የደም መላሽ ሥር ተሰብስቦ መጀመሪያ በጉበት ያልፋል። ከቀንድ አውጣ ወደ ውሃ የሚወጣው እጭ በቆዳ ይገባል፤ አድጎም በአንጀት ዙሪያ ባሉት የደም ሥሮች ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። እንቁላሉ በደም ተወስዶ ጉበት ውስጥ ሲቀረቀር ጠባሳ ይፈጥራል። መንገዱ ሲጠብ ደሙ ወደ ኋላ ይጠራቀማል፤ ጣፊያ ያብጣል፤ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፤ በምግብ ቧንቧ ታችኛው ጫፍ ያሉ ሥሮችም ተወጥረው ይፈነዳሉ።

አባቴ በጥሞና ሰምተው «ቦይ ሲደፈን ነው በለኛ! ውሃው በደካማው በኩል ጥሶ ይወጣል» አሉ።

በአፍ በሚገባ ካሜራ እያዩ የተወጠሩትን ሥሮች በላስቲክ አሰሩላቸው፤ ፕራዚኳንቴልም ሰጧቸው። ክኒኑ ትሉን ይገድላል፤ የቆየውን ጠባሳ ግን እንዳልነበረ አያደርገውም። ስለዚህ ሕክምናው በልጅነት፣ ጉበት ሳይጎዳ ቢሆን ይሻላል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነበር እንዶድ እንደሚገድላቸው የደረሱበት። እናቴም ድሮ በእንዶድ ታጥብ ነበር። ሳሙና ሲመጣ ተውነው።

ቆላ የምትኖሩ ወላጆች፣ ወንዝ የሚገቡ ልጆቻችሁን ሰገራ አስመርምሩ። አንድ ጊዜ መዳን ዳግም ከመያዝ አያድንም። ደም ያስመለሰው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰው ደግሞ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይሂድ።

ወደ ሮቢት ስንመለስ መኪና ውስጥ «አባ፣ አውፍ በሉኝ» አልኳቸው።

በመስኮቱ ወንዙን እያዩ «እኔንስ ተወኝ» አሉ፤ «ልጆችህን ግን ከዚያ አውጣቸው።»