ለፈጣኑም ለዝግተኛውም ሰዓት ይኑር

ሞተር ነጂ ነኝ፤ ሰፈሬ ለቡ ነው። እሁድ ማለዳ መንገዱ ጭር ሲል ፈጣኖቹ ይወጣሉ። እኔ በ40 እያዘገምኩ ወደ ጀሞ ስሄድ በጎኔ ሽው ይላሉ። እደነግጣለሁ፤ ግን አልረግማቸውም። የት ሄደው ይንዱ?

በሌላው ዓለም አንዱን ትራክ ሁሉም በተራ ይጠቀምበታል። ሰዓቱ ለሦስት ይከፈላል፤ 20 ደቂቃ ለፈጣኑ፣ 20 ለመካከለኛው፣ 20 ለጀማሪው።

እኛስ ምን ያቅተናል? በ2011 ዓ.ም. "መንገድ ለሰው" ተብሎ አስፋልት ተዘግቶ ልጆች ኳስ ተጫውተውበታል። በዚያው ዓመት ክረምት ግን በወንጀል ሰበብ ሞተር ሲታገድ፣ ብዙ እንጀራ ፈላጊ ከሌባው እኩል ቆሟል።

ነገም አንድ እግረኛ ቢገጭ ዕዳው የሁላችን ነው። ስለዚህ ፈጣኖች ሆይ፣ ተሰባስባችሁ ቦታና ሰዓት ጠይቁ፤ እኛ ዝግተኞቹም አብረን እንፈርማለን።