ዳጣ በሸክላ

በወላይታ፣ በበዴሳም ሆነ በሶዶ፣ ለእንግዳ ከጥሬ ሥጋ ጋር የሚቀርበው ዳጣ፣ ማለትም ከበርበሬ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ተፈጭቶ የሚዘጋጀው ማባያ፣ በሸክላ ዕቃ ሲቀርብ ከፕላስቲኩ ይልቅ ዓይንንም ምላስንም ይስባል።

ሸክላውን በእጃቸው የሚያበጁት በአብዛኛው ሴቶች ሲሆኑ፣ የሙያው ቤተሰቦች ለዘመናት ሲናቁ መኖራቸው፣ ማለትም ዕቃው ከማዕድ ሳይጠፋ ሠሪው ከማዕድ እንዲርቅ መደረጉ፣ የዚህ ደስታ መራራ ገጽታ ነው።

የእጅ ሥራው ከሸክላ ሌላ በልብስም ይታያል፤ በመስከረም በሚከበረው ጊፋታ፣ ማለትም በወላይታ የዘመን መለወጫ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለማት ያሉት የሽመና ልብስ ዱንጉዛ ተለብሶ ይጨፈራል፤ የጭፈራው ፈጣን ምት፣ መቼም፣ እንግዳንም ቁጭ ብሎ እንዲያይ አይተወውም።

በአንባቢያን ቤት ለእንግዳ ብቻ የሚወጣው የእጅ ሥራ ዕቃ የትኛው ነው? ሠሪውስ ይታወቃል?