የናርኒያ መጻሕፍት በየትኛው ተራ ይነበቡ?

አንድ ታሪክ በአንድ መጽሐፍ የሚያልቅ ሲሆን አንባቢው ከፊተኛው ገጽ ይነሣል እንጂ ከወዴት ልጀምር ብሎ አይጨነቅም። ታሪኩ በብዙ መጻሕፍት ሲከፈል ግን ጭንቀቱ ይመጣል። በቤልፋስት ተወልደው በኦክስፎርድ ያስተማሩት ክላይቭ ስቴፕልስ ሉዊስ፥ ናርኒያ ስለምትባል ምናባዊት አገር የደረሷቸው ሰባት የልጆች መጻሕፍት፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1950 እስከ 1956 በየዓመቱ አንዳንድ እየሆኑ ታተሙ። መጀመሪያ የወጣው «አንበሳው፥ ጠንቋይቱና ቁም ሣጥኑ» ነው። የናርኒያን አፈጣጠር የሚተርከው «የአስማተኛው የእኅት ልጅ» ግን ስድስተኛ ሆኖ በ1955 ወጣ። እንግዲህ መጻሕፍቱን በታተሙበት ተራ እናንብባቸው፥ ወይስ በታሪኩ ዘመን ተራ?

በ1957 አንድ አሜሪካዊ ልጅ በዚህ ነገር ከእናቱ ጋር ተከራክሮ ለደራሲው ጻፈላቸው። እናቲቱ በታተሙበት ተራ፥ ልጁ በዘመናቸው ተራ ይነበቡ ባዮች ነበሩ። ሉዊስም ለልጁ ሐሳብ እንደሚያደሉ መለሱለት፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ሲጽፉ ሌላ እንደሚከተለው ያላወቁ መሆናቸውን ገልጸው፥ ምናልባት ተራው ያን ያህል የሚያስጨንቅ አይደለም አሉት። በ1963 አረፉ። በ1994 አታሚው የደራሲው ፈቃድ ይህ ነበር ብሎ ስድስተኛውን መጽሐፍ አንደኛ አደረገው። ለአንድ ልጅ በደግነት የተጻፈ መልስ እንደ ዐዋጅ ተቈጠረ።

እኛ ይህን ዐዋጅ አልተቀበልነውም። ምክንያታችንም አንድ ሽማግሌ ናቸው።

በመጀመሪያው መጽሐፍ ትንሿ ሉሲ በቁም ሣጥን ውስጥ አልፋ በረዶ የለበሰ ዱር፥ በዱሩም መካከል የሚበራ የመንገድ ፋኖስ አገኘች። ተመልሳ ብትናገር ወንድሞቿና እኅቷ አላመኗትም። ታላላቆቹ ነገሩን ለባለቤቱ ለሽማግሌው ፕሮፌሰር ሲያመለክቱ፥ እርሳቸው አልሳቁም። ውሸት የማታውቅ ልጅ ከሆነች፥ እብደትም ካልታየባት፥ እውነት ተናግራለች ብሎ ከማሰብ በቀር ምን ቀረ አሏቸው። አንባቢው ይህ ሰው ምን ዐይነት ሰው ነው እያለ ያልፋል።

መልሱ የሚገኘው በስድስተኛው መጽሐፍ ነው። ፕሮፌሰሩ በልጅነታቸው እናታቸው ለሞት ታመውባቸው፥ ናርኒያ ስትፈጠር በዐይናቸው አይተዋል። ለእናታቸው ፈውስ የሚሆነውን ፍሬ ሰርቀው እንዲወስዱ ጠንቋይቱ ብትፈትናቸው እንቢ አሉ፤ ኋላ ግን ፍሬው ከአንበሳው እጅ ተሰጣቸው፥ እናታቸውም ዳኑ። ከፍሬው የበቀለው ዛፍ በዐውሎ ነፋስ ሲወድቅ ከእንጨቱ ቁም ሣጥኑ ተሠራ። ይህን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ሉሲ በሩን ሳትከፍት የእንጨቱን ምሥጢር ያውቃል። የሽማግሌውም ቃል ለእርሱ ያየውን ያወቀ ሰው ምስክርነት ብቻ ነው። (የሉዊስ እናት በ1908 በካንሰር ሲሞቱ ልጃቸው ዐሥር ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ያን ፍሬ የፈለገው ልጅ ማን እንደ ሆነ ለመገመት አያስቸግርም።)

ስለ ሌሎቹ ብዙ አንከራከርም። «ፈረሱና ልጁ» ሦስተኛም ይሁን አምስተኛ፥ ጕዳቱ ቀላል ነው። ነገር ግን መጽሐፍን ለመጀመሪያ ጊዜ ማንበብ የሚቻለው አንድ ጊዜ ነውና፥ ስድስተኛውን ያለቦታው የሰጠነውን ልጅ ኋላ ልንክሰው አንችልም።

ለእኅታችን ልጅ ሰባቱን ስንገዛላት በየጀርባቸው የታተመውን ቍጥር በወረቀት ሸፍነን የራሳችንን ቍጥር ጻፍንበት። አሁን አራተኛው ላይ ደርሳለች። ባለፈው እሑድ፥ «ሽማግሌው ግን ለምን አልሳቁባትም?» ስትል ጠየቀችን። ስድስተኛው ገና ከመደርደሪያው ላይ ስለ ነበረ፥ «አንብቢ እንጂ» ብለን ዝም አልን።